ጥግ ላይ የተቀመጠው ጋዜጠኛ

ከቀይ አፈር ወደ ጂንካ በሚሄደው ሚኒባስ ከፊቴ የተቀመጡት አንዲት ሴትና አንድ ጎልማሳ ስለ ነጋዴው ግድያ ክስ ያወራሉ።

«ባሌ የተያዘ ዕለት ሬዲዮው ስሙን ከነአባቱ ጠዋትም ማታም ሲያነበው ነበር፣ ጋሼ።»

«አሁንስ?»

«ባለፈው ቀጠሮ ምስክሩ ‹ነጋዴው በተገደለበት ቀን እሱ ቱርሚ ከተማ አብሮኝ ነበር› አለ። ይሄኔ መዘገብ ክልክል ነው ተባለ!»

«እህቴ፣ ዳኛው ያገዱት እኮ ለእሱው ብለው ነው። ፍርዱ በወሬ እንዳይበላሽ።»

«ሰፈሩ ፈርዶ ከጨረሰ በኋላ? ገበያ ላይ ቲማቲሜን ያነሱና የማን ሚስት እንደሆንኩ ሲሰሙ መልሰው ያስቀምጡታል።»

«ምስክሩ ያለውን ንገሪያቸዋ!»

«እኔን ሚስቱን ማን ያምነኛል? ችሎቱ ውስጥ ጥግ ላይ ተቀምጦ የሚሰማ ጋዜጠኛ ነበር። ምናለ እሱ እንኳ ቢናገር?»

«ትእዛዝ ጥሶ ከተናገረማ ይታሰራል።»

«ይታሰራ! ባሌ ብቻውን ነው ያለው፣ ያጫውተዋል።»

ያን ዕለት የተቀመጥኩበት ጥግ ትዝ አለኝ፤ ጂንካ እስክንደርስም ፊቴን ከመስኮቱ አላዞርኩም።