የእትዬ አስካለ ወረፋ

በረዶ ሲጥል የአውሮፕላን ክንፍ በትኩስ ፈሳሽ ታጥቦ በረዶው ካልለቀቀ መነሳት የለም። እዚህ ለንደን፣ ኤርፖርት ውስጥ፣ የሚያጥቡትን መኪኖች በየተራ የምልከው እኔ ነኝ። ያን ቀን ጠዋት ሬዲዮው ይጮሃል፣ አብራሪዎቹ ይነዘንዙኛል፤ በዚህ መሀል ሞባይሌ ጠራ። እዚሁ ለንደን፣ ሆሎዌይ ሰፈር ጎረቤቴ የሆኑት እትዬ አስካለ ናቸው፤ ለልጃቸው ሰርግ አዲስ አበባ ሊሄዱ ተሳፍረዋል። "ልጄ፣ የምታሳጥቢው አንቺ አይደለሽ? የኛን አስቀድሚልን! ከዚህ በላይ ከቆየን በረራው ካንስል ይደረጋል እያሉን ነው፤ ሰርጉ ነገ ነው!" "እትዬ፣ ወረፋ ነው፤ አልችልም" አልኳቸው። "ዘመድ ታዲያ ለመቼ ነው?" ብለው ዘጉብኝ። እውነቱን ልናገር፣ ጣቴ ወረፋው ወዳለበት ስክሪን ሄዶ ነበር፤ መለስኩት። ወዲያው ከፊታቸው የነበረው አውሮፕላን ተበላሽቶ ከሰልፉ ወጣ! ተራው የነሱ ሆነ። መኪኖቹን ላክሁ፣ ታጠቡ፣ ተነሱ! ብቻዬን እልል አልኩ።

ሲመለሱ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት አንገቴን አቅፈው "ለሰርጉ ያደረሰችኝ እሷ ናት፤ እድሜ ይስጥሽ!" አሉ። የማይገባኝ ምርቃት አስጨነቀኝ። "ኧረ እትዬ፣ እኔ አላስቀደምኩዎትም! የፊተኛው ተበላሽቶ ነው!" ብዬ ጮህኩ። ጠቀስ አደረጉኝና ጆሮዬ ሥር "ጎበዝ፣ ለሰው እንደዚያ በይ" አሉኝ። ቤቴ ሳልደርስ ሦስት ሰዎች የበረራ ቁጥራቸውን ቴክስት አደረጉልኝ። አንዷማ የምትበረው በረዶ በሌለበት በሰመር ነው።