የሦስት ልጆች አባት

ባለፈው ሰኞ ከሺሺንዳ ወደ ቦንጋ ስሄድ፣ ሚኒባሱ ውስጥ ከጎረቤታችን ከጋሽ ኃይለመስቀል አጠገብ ተቀመጥሁ። የሰፈር ሽማግሌዎች የፈረሙበት፣ ለዳኛው የተጻፈ ማመልከቻ ይዘዋል፤ የቀረው እፈርማለሁ ብለው ቃል የሰጡት የእሳቸው ፊርማ ነው። ጎረቤታቸው ኢያሱ፣ ከምድጃው በላይ ባለው የኮረሪማ ማድረቂያ ቆጥ ላይ የሐሺሽ ቅጠል እያደረቀ ለሽያጭ ሲያዘጋጅ ተይዞ ጥፋተኛ ተብሏል፤ ቅጣቱ ግን ገና አልተወሰነም።

አስተማሪ ስለሆንሁ አማርኛውን እንዳርምላቸው ሰጡኝ። «የሦስት ልጆች አባት በመሆኑ ቅጣቱ ይቅለልለት» ይላል። አማርኛው ደህና ነው፤ ምክንያቱ ግን አልዋጥልህ እንዳለኝ በትሕትና ነገርኋቸው።

«እሱ ሲታሰር ልጆቹን ማን ያበላል?» አሉኝ።

ስጋታቸው እውነት መሆኑን አልካድሁም። «ጋሼ፣ በኮረሪማ ወቅት የልጅ ልጆችዎ ልብስ ምን ምን ይሸታል?»

«ኮረሪማ ነዋ። ቢታጠብም አይለቅ።»

«የኢያሱ ልጆችስ የሚተኙት ከዚያ ቆጥ ሥር አይደል?»

የኢያሱ መካከለኛ ልጅ ሔርሜላ ተማሪዬ መሆኗን፣ ጠዋት ጠዋት ዴስክ ላይ ስትተኛ ሰነፍ መስላኝ ክፍሉ ፊት አቁሜ መቅጣቴን አጫወትኋቸው። ለካ ሌሊቱን የምትተኛው በዚያ ሽታ ውስጥ ኖሯል፤ አባቷ ተይዞ አክስቷ ዘንድ ከገባች ወዲህ እጅ በማውጣት የሚቀድማት የለም።

«እኔም አይቻለሁ» አሉ ቀስ ብለው። «እሳት ልጭር ገብቼ ቅጠሉን አይቻለሁ። በሰው ቤት ምን አገባኝ ብዬ ወጣሁ።»

«ጫካ ውስጥ ቢሠራው አንድ ጥፋት ነው፤ ልጆች በሚተኙበት ቤት ሲሠራው ሁለት ነው። እኩል መቅጣት ልጆቹን አለመቁጠር ነው።»

«ስለዚህ ይክበድበት ነው የምትለው?»

«አዎ። ሕጉ ልጆቹን ከቆጠረ፣ ሌላውም አባት ፈርቶ እጁን ይሰበስባል፤ እሳት ልትጭር የገባች ጎረቤትም አይመለከተኝም አትልም። ለምግባቸው አክስታቸው አለች፤ ዕድሩም አለ።»

«አስተማሪ መሆንህ ኢያሱን በጀው» አሉ ፈገግ ብለው። «ዐቃቤ ሕግ ብትሆን አልቆለት ነበር።»

ለሽማግሌዎቹ የሰጡትን ቃል ማጠፍ በእሳቸው ዕድሜ ቀላል አይደለም። እኔ ተምሬም ልጅቷን የተረዳኋት ከቀጣኋት በኋላ ነው፤ እሳቸው ግን ገና ቦንጋ መናኸሪያ ሳንደርስ እስክሪብቶ ጠየቁኝ። የሌሎቹን ማመልከቻ አጥፈው ኪሳቸው ከተቱና፣ ስንወርድ አንድ የቆመ ባጃጅ ወንበር ላይ በስማቸው አዲስ ጻፉ፦ ቅጠሉን አይተው ዝም ማለታቸውን፣ ዳኛው ልጆቹን ቆጥረው ቅጣቱን እንዲያከብዱ፣ የልጆቹን ቀለብ እሳቸው ከዕድሩ ጋር ሆነው እንደሚችሉ።

ከፊተኛው ወረቀት የገለበጡት አንድ መስመር ብቻ ነው፤ እሱንም መጀመሪያ ላይ አኖሩት። «የሦስት ልጆች አባት ነው።»