ሐጂ ሸረፈዲንና የሎኮሞቲቭ ፋብሪካው ትርፍ

ልጆቼ፣ ባለፈው ቅዳሜ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ስወርድ ሚኒባስ ውስጥ የሰማሁትን ክርክር ላጫውታችሁ። አጠገቤ የተቀመጡት ሐጂ ሸረፈዲን ሆነው ተገኙ፤ ደሴ ሸዋ በር ገበያ ጨርቅ ሲሸጡ የኖሩ፣ ድምፅ ሲሰጥ ነጋዴው ሁሉ እጃቸውን አይቶ የሚከተላቸው ሰው ናቸው። ከኋላችን የወንድማቸው ልጅ ሩሚሳ ነበረች። እሷ ሎኮሞቲቭ፣ ማለትም ባቡሩን የሚጎትተውን ሞተር፣ በሚገጣጥም የአክሲዮን ማኅበር ሒሳብ ሠራተኛ ናት። ሦስታችንም የምንሄደው ወደ ማኅበሩ ጉባኤ ነው። የዓመቱ ትርፍ ይከፋፈል ወይስ ሁለተኛ መገጣጠሚያ አዳራሽ ይሠራበት? የሚወሰነው ይኸው ነበር።

«እኔ ይከፋፈል ባይ ነኝ» አሉ ሐጂ። «በፋብሪካው ደጅ ሳልፍ አየሁ እኮ፤ ሎኮሞቲቩ ግቢውን ሞልቶ ተገትሯል። እኔ ዓመቱን የማውቀው በመደርደሪያዬ ነው። ባዶ ከሆነ ቀንቶኛል፣ ከሞላ ከስሬያለሁ። እነዚህ ያልተሸጠ ዕቃ ታቅፈው ‹አደግን› ይሉኛል!»

«አጎቴ፣ ግቢ የቆመው ገና ተገጣጥሞ ያላለቀ ነው፤ የሁሉም ቀብድ ተከፍሏል» አለች ሩሚሳ። «እርስዎስ ለሠርግ ልብስ ቀብድ ተቀብለው ጨርቁ ልብስ ሰፊው ዘንድ ቢያድር አልተሸጠም ይላሉ?»

«ጨርቅ ያዘዘው ቢቀር ለሌላ እሸጠዋለሁ። ይኼን ማን ይገዛኛል? ይኼ ሞላ ኩታበር ወስዶ ሊያርስበት?» አሉ ወደ እኔ እየጠቆሙ።

ሚኒባሱ በሙሉ በእኔ በገበሬው ሳቀ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ።

«ልክ ነዎት፣ ስጋቱ አለ» አለች ልጅቱ። «ዘንድሮ አንዱን ዘግይተን አስረክበን ቅጣት ከፍለናል። የዘገየነው ግን አዳራሹ አንድ ስለሆነ ነው፤ አንዱ ሳይወጣ ሌላው አይገባም። ሽያጩ ካምናው በሲሶ አድጓል፣ ትዕዛዙ ግን ከዚያም በልጦ ወረፋ ይዟል።»

«የእናንተ ወረፋ ለእኔ ምኔ ነው? በየዓመቱ ሳይጓደል ድርሻዬን ስጡኝ!»

«ወለድ ነው እንዴ የፈለጉት?»

«አስተግፊሩላህ! ወለድ ማን አለ?»

«ሥራው ቢሰፋም ቢጠብም ሳይጓደል ይምጣልኝ ካሉ ሌላ ምን ልበለው? እርስዎ የገቡት ትርፍም ኪሳራም የሚጋራ ሸሪክ ሆነው ነው።»

የሐረጎን ቁልቁለት ወርደን ስንጨርስ ሐጂ ወደ ኋላ ዞሩ። «አዳራሹ መቼ ትርፍ ይሰጣል?» አሉ።

«ከሁለት ዓመት በፊት አይሰጥም። ዕድሜ ይስጥዎት፤ ካልሆነም ልጆችዎ አሉ።»

«ወላሂ በቁሜ ቀበርሽኝ!» ብለው ሳቁ። «ቅጣቱን ባትነግሪኝ ኖሮ ግን አንድ ቃልሽን አላምንም ነበር።»

የመደርደሪያው ልክ ለጨርቅ ደህና ነው፤ ሐጂን ያሳሳታቸው ተገጣጥሞ እስኪወጣ ወራት የሚፈጀውን ሥራ በዚያው መመዘናቸው ነው።

ጉባኤው ላይ ድምፅ ሊሰጥ ሲል ነጋዴዎቹ ሁሉ ወደ ሐጂ ዞሩ። እሳቸው ግን ተነሥተው፣ «እጄን አትዩ። መጀመሪያ ይህችን ልጅ ስሙ፤ ቅጣቱንም ትንገራችሁ» አሉ።

ሩሚሳም ከቅጣቱ ጀመረች። አዳራሹ ሁለት ሲሆን ርክክቡ በቀኑ እንደሚደርስ፣ ለቅጣት የሚወጣው ገንዘብ ለባለ አክሲዮኑ እንደሚተርፍ፣ የሐርቡና የደሴ ዙሪያ ልጆችም ሙያ ተምረው እዚያው እንደሚቀጠሩ አስረዳች። እጅ እዚህም እዚያም ይነሣ ጀመር፣ አዳራሹም ይሠራ ተባለ። ሐጂ ሸረፈዲን እጃቸውን ያነሡት ከሁሉ ኋላ ነው።