መብራት ሲጠፋ ማሽኑን ማን ያጥፋው

አቶ ባፈና ከአዲስ አበባ የሚመጣው አውቶቡስ በገባ ቁጥር ሥራቸውን ጥለው መናኸሪያ ይሄዳሉ። ተሳፋሪ አይደሉም፤ የሚቀበሉት እንግዳም የላቸውም። የአናጢ ሽርጣቸውን እንኳ ሳያወልቁ፣ ቅንድባቸው ላይ ሰጋቱራ እንደተነሰነሰ፣ ከተሸካሚዎቹ ኋላ ቆመው የሚወርደውን ሰው ሁሉ ፊት ፊቱን ያያሉ። ለምን እንደመጡ የጠየቃቸው ካለ «ሚስማር እንዲመጣልኝ ልኬ ነበር» ይላሉ። ልጃቸው ጴጥሮስ በመጀመሪያው ዙር ብሔራዊ ውትድርና ተመልምሎ ወደ ሰሜን ከሄደ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው፤ የመጨረሻው ደብዳቤው ከደረሳቸውም አምስት ወር አልፏል። የሆሳዕና ሰው ሚስማሩ ማን እንደሆነ ያውቃል። ደግነቱ «ሚስማርማ ሱቁ ሞልቶ የለም ወይ» ብሎ ያፋጠጣቸው እስካሁን አልተገኘም።

በ1978 ዓ.ም. የካቲት ውስጥ አንድ ቀን ከአውቶቡሱ የወረደው ጴጥሮስ ሳይሆን የጴጥሮስ ጓደኛ አክሊሉ ነበር። አክሊሉ በአቅራቢያው ካለችው ከሞርሲቶ ከተማ የመጣ ልጅ ነው። ሆሳዕና ሲማር ከትምህርት ቤት መልስ ከጴጥሮስ ጋር አቶ ባፈና ቤት ጣውላ ሲያገላብጥ ያደገ፣ በኋላም አዲስ አበባ የቴክኒክ ትምህርት ተምሮ አንድ የቤት ዕቃ ፋብሪካ የገባ ልጅ ነው። አቶ ባፈና ሲያዩት ደስታም ቅሬታም አብረው መጡባቸው። አቅፈው ሳሙት፤ ግን ዓይናቸው በትከሻው ላይ አልፎ የአውቶቡሱን በር ማየቱን አልተወም። ከእሱ በኋላ የወረደች አንዲት ሴት ብቻ ነበረች።

የሞርሲቶ መኪና ካልሞላ አይነሳም፤ ለመሙላት ደግሞ ገና ብዙ ሰው ይቀረው ነበር። ስለዚህ አቶ ባፈና እንግዳቸውን ከመናኸሪያው ጀርባ ወዳለው የሥራ ቤታቸው ይዘውት ሄዱ። በመንገድ ላይ ስለ እናቱ፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ ቤተ ክርስቲያኑ በሀዲይኛ ተጠያየቁ። ስለ ጴጥሮስ ግን አንዳቸውም አላነሱም።

መብራት ከጠዋት ጀምሮ ጠፍቶ ነበር። ክቡ መጋዝ ግማሽ ድረስ የሰነጠቀውን ጣውላ እንደ ነከሰ ቆሟል። አቶ ባፈና ባዶ እጃቸውን መቀመጥ አይወዱምና ለእንግዳቸው በርጩማ ካቀረቡ በኋላ ጎንበስ ብለው ከስለቱ ሥር የተጠቀጠቀውን ሰጋቱራ በእጃቸው ይዝቁ ጀመር። ይህን ጊዜ አክሊሉ ተነስቶ ክንዳቸውን ያዘ። የማሽን ነገር ሲነሳ ሁለቱም ሳይታወቃቸው ወደ አማርኛ ተሻገሩ፤ ሙያውን የተማሩት በአማርኛ ነውና።

«ጋሼ፣ ማሽኑ ጠፍቷል?»

«መብራት የለም እኮ፣ ልጄ።»

«መብራቱን አልጠየቅሁም። ማጥፊያውን ነው የጠየቅሁት።»

አቶ ባፈና ሳቁ። የዚህን ቤት ልማድ ልጁ የረሳው መሰላቸው። በዚህ ቤት መብራት ሲጠፋ ማሽኑ አይጠፋም። እንደበራ ይተዋል፤ መብራቱ ሲመለስ ራሱ ተነስቶ ይጮሃል፤ ጩኸቱን የሰሙት አባትም፣ ጴጥሮስ ሳለ ደግሞ አባትና ልጅ፣ ካሉበት ሮጠው ይመጣሉ። ሠፈሩም ለምዶታል። ከመንገዱ ማዶ ሻይ ቤት ያላት እልፍነሽ ሬዲዮኗን የምትከፍተው የባፈናን መጋዝ ሰምታ ነው። እንዲህ ያለ ማሽን ደወልም ዘበኛም ሆኖ የሚያገለግልበት ከተማ ሌላ ቦታ ይኑር አይኑር እንጃ። አቶ ባፈና ግን ይኮሩበት ነበር፤ ሰጋቱራውን የሚጠርጉትም መብራት በሌለበት ሰዓት ስለሆነ ይህን እንደ ጥንቃቄ ይቆጥሩት ነበር።

አክሊሉ በትሕትና፣ ግን ክንዳቸውን ሳይለቅ መለሰ። መብራት የሌለው ማሽን የሞተ ሳይሆን የተኛ መሆኑን፣ ሲነቃም ለማንም እንደማይናገር አስረዳቸው። አቶ ባፈና በበኩላቸው ይህ ማሽን ዘጠኝ ዓመት አብሯቸው እንደኖረ፣ ጠባዩንም ከራሳቸው ጠባይ ይልቅ እንደሚያውቁት ነገሩት። ልጁ ይህንንም ሰምቶ አንገቱን ደፋ።

«ጋሼ፣ ይህን ልማድ ከዚህ ቤት ይዤው ሄድኩ» አለ። «ባለፈው ጥቅምት ፋብሪካው መብራት ጠፋበት። እኔ ማሽኔን እንደበራ ትቼ ሻይ ልጠጣ ወጣሁ። ሽብሩ የሚባል ባልደረባዬ የጠፋ መስሎት የተሰነቀረ ስንጥር ሊያወጣልኝ እጁን ሰደደ። የማሽኑን ጩኸት ሻይ ቤት ሆኜ ሰማሁት። መብራት መጣ ብዬ ደስ ብሎኝ ሮጥኩ።»

አቶ ባፈና እጃቸውን ከስለቱ ሥር ሳቡ።

«አራት ጣት ነው የሄደው። አሁን በር ላይ ዘበኛ አድርገውታል። ጠዋት ስገባ በግራ እጁ ሰላም ይለኛል፤ አንድ ቀን እንኳ ክፉ ቃል አልተናገረኝም።»

አቶ ባፈና ቀስ ብለው ጣውላ ክምር ላይ ተቀመጡ። አንድ የማያውቁት የአዲስ አበባ ሰው በእሳቸው ቤት ልማድ ጣቶቹን ማጣቱ ከበዳቸው። ሽማግሌ ሰው ተሳስቻለሁ ለማለት ጊዜ ይፈጅበታል። ቢሆንም በመጨረሻ የተናገሩት አክሊሉ የጠበቀውን አልነበረም።

«እውነቱን ልንገርህ። ማሽኑ ድንገት ሲነሳ ለአንድ አፍታ ጴጥሮስ ያበራው ይመስለኛል። ገብቶ ሥራ የጀመረ ይመስለኛል። በሩ ጋ እስክደርስ ድረስ ልጅ አለኝ። ማጥፊያውን ካጠፋሁት ይህም ይቀርብኛል።»

አክሊሉ እንባው መጣ። ቢሆንም ጓደኛውን ያውቀዋልና የሚለውን አላጣም።

«ጋሼ፣ ጴጥሮስ ሲመጣ መጀመሪያ የት የሚገባ ይመስልዎታል?»

«የትም አይደለም፤ እዚሁ ነው።»

«እርስዎ መናኸሪያ ሆነው ቢተላለፉስ? መብራት በሌለበት ቀን ቢመጣስ? እንደ ልማዱ ከዚህ ጣውላ ሥር ሰጋቱራውን ሲዝቅ መብራቱ ቢመለስ፣ እርስዎ ያን ጩኸት ሰምተው እየሮጡ ሲመጡ የሚያገኙት ምንድን ነው?»

አቶ ባፈና የተቀመጡበትን ጣውላ በሁለት እጃቸው ያዙ። ሁለት ዓመት ሙሉ ልጃቸውን ከጥይት አድንልኝ እያሉ ሲጸልዩ፣ በገዛ ቤታቸው ወጥመድ ዘርግተው እንደሚጠብቁት ለመጀመሪያ ጊዜ ታያቸው። ተነሱና ማጥፊያውን ተጫኑት። ሶኬቱንም ነቀሉት። ከዚያ ሰጋቱራውን በጣውላ ቁራጭ ጠረጉት።

ከዚያ በኋላ የነበረው ክርክር ለስሙ ያህል ነው። መብራት መመለሱን በምን አውቃለሁ ቢሉ፣ አክሊሉ አንድ አምፖል በሩ ላይ ሰቀለላቸው። የመቁረጫ መስመሩን ይጋርደኛል ብለው ከዓመታት በፊት ያወለቁትን የስለቱን መከለያ ከጥግ ፈልገው አመጡና አብረው ገጠሙት። ጣውላውን እስከ ስለቱ ድረስ በጣት መግፋት እንዲቀር መግፊያ እንጨት ተጠረበ። የሸሚዛቸው እጅጌ መንዘላዘሉም ተነቀፈ፤ እዚህ ላይ ሽማግሌው «ሚስት የሆንክብኝ ልጅ» ብለው ቀለዱበት።

የሞርሲቶ መኪና ሞልቶ አክሊሉ ከሄደ ከጥቂት ጊዜ በኋላ አምፖሉ በራ። ማሽኑ ዝም አለ። ሠፈሩም ዝም አለ፤ እልፍነሽ እንኳ ሬዲዮኗን ሳትከፍት ቀረች። አቶ ባፈና በዚያ ዝምታ ውስጥ ቆመው ልጃቸው አለመኖሩን፣ ያለ ማታለያ፣ ሙሉ በሙሉ አወቁት። አለቀሱም። ካለቀሱ በኋላ ስለቱን አዩ፣ ዙሪያቸውን አዩ፣ ሶኬቱን ሰክተው ማሽኑን በራሳቸው እጅ አበሩት።

ልማዱ ከባፈና ቤት አልፎ ወደ ሌሎቹ አናጢዎች ለመዛመት ብዙ ጊዜ አልፈጀበትም። ጣውላ መሰንጠቂያ ያላቸው ሁሉ መጥተው አምፖሉን አዩ፤ በፎንቆ ገበያ በሚሠራ አንድ አናጢ ቤት ሳይቀር ተሰቀለ። መብራት በመጠበቅ የባከነ ሰዓት የለም፤ ስንጥር በማውጣት የተጎዳ እጅም አልተሰማም። ሥራው እንደ ድሮው ይሄዳል፤ የተለወጠው ሠራተኛው እጁን ከመስደዱ በፊት ማጥፊያውን ማየቱ ነው።

አቶ ባፈና አክሊሉ በመጣበት በዚያው ሳምንት ለልጃቸው ደብዳቤ ጻፉ። መልስ ይምጣ አይምጣ ባያውቁም ሁሉንም በዝርዝር ጻፉለት፤ የመከለያውን ነገር፣ የመግፊያውን እንጨት፣ የሽብሩን እጅ። መጨረሻ ላይ እንዲህ አሉት፦

«ስትመጣ ብታጣኝ አትቸኩል፤ መናኸሪያ አንተን ፍለጋ ሄጄ ነው። ማሽኑ ጠፍቷል፤ እጅህን ሳትፈራ አሳርፍበት። አሁን አንተን መስሎ አያታልለኝም። መጥተህ አንተው አብራው።»