ድምፅ ሲዘጋ መኪና ቆመ

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ዶሮ ላረባ ተነሥቼ፣ ያዘዝኳቸው ጫጩቶች የት ደረሱ ብዬ ወደ ጭነት ማመላለሻው ግቢ ጎራ ብል፣ ባለቤቱን አንገቱን በሻርፕ ጠቅልሎ ከእህቱ ልጅ ጋር ሲከራከር አገኘሁት። ሾፌሮቹ "ጌታው" የሚሉት፣ ድምፁ ከአጥር ማዶ የሚሰማ ሽማግሌ ነው። ያን ቀን ግን ጉንፋን ድምፁን ዘግቶበት እንደ ተነፈሰ ጎማ እስ እስ ይላል።

ስለ ጫጩቶቼ ጠየቅሁ። ትልቁ መኪና ጭነት ከመኪና ወደ መኪና በሚዛወርበት መገናኛው ከተማ አራግፏቸዋል፤ ከዚያ ወደዚህ የሚያመጣቸው ትንሹ መኪና ግን ድልድዩ ለጥገና ስለተዘጋ ቆሟል። በሌላ መንገድ መዞር ሲችል ምን ይጠብቃል? ጫጩቶቹ ዛሬ ውሃ ካላገኙ አለቀላቸው፤ እኔም አብሬ ማለቄ ነው።

የእህቱ ልጅ፣ የማጓጓዝን ሥራ ተምራ የመጣች፣ ሳቋን እየዋጠች አስረዳችኝ። አጎቷ "ድምፄን ሳትሰሙ መንገድ እንዳትቀይሩ" የሚል ደንብ አውጥቷል። ጠዋት ሾፌሩ ደውሎ ሲጠይቀው በሹክሹክታ "ዙር" ቢለው፣ "አንተ ደግሞ ማነህ? ጌታውን አቅርብልኝ" ብሎ ጆሮው ላይ ዘጋበት።

ልሳቅ ወይስ ላልቅስ?

"ጋሼ፣" አለችው አጎቷን በትሕትና፣ "ከሾፌሮቹ አንዱ ቢታመም ምን ያደርጋሉ?"

"ሌላው ይሸፍነዋል።"

"እርስዎ ቢታመሙስ? የሾፌሩም፣ የመጋዘኑም፣ የደንበኛውም ክር የታሰረው እርስዎ ጋ ነው። ዳር ያለ ክር ቢበጠስ መረቡ ይይዛል፤ ዋናው ቋጠሮ ከተፈታ ግን ሁሉም ይበተናል።"

"ለሁሉም ፈቃድ ከሰጠሁ እንደ ፍየል በየፊናው ይሄዳል" አለ ሽማግሌው እየተንሾካሾከ።

"በየፊናው እንዳይሄዱ በየት እንደሚዞሩ አስቀድመው ይንገሯቸው። መገናኛው ላይም እርስዎ ባይኖሩ የሚወስን ሰው ይሹሙ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባል የለ?"

"ሎሚውን ተዉትና ጫጩቶቼን አስቡልኝ" አልኩ፤ ትዕግሥቴ አልቆ ነበር።

እውነት ለመናገር ሽማግሌው ክፉ ሰው አይደለም። ለፍቶ ያቆመውን ሥራ ለሌላ ማካፈል ሞት መስሎ ታይቶት ነው። ብዙዎቻችን እንዲሁ ነን፤ ያለ እኛ አይሆንም ስንል እኛው ማነቆ እንሆናለን።

ሽማግሌው በመጨረሻ ስልኩን ሰጣት፤ ወደ ሾፌሩ ደወለች። ሾፌሩ ግን እሷንም አልሰማም አለ። ያኔ ሽማግሌው ስልኩን ተቀብሎ ፊቱን በቪዲዮ አሳየው፤ አፉን ከፍቶ ጉሮሮውን አመለከተ፣ ከዚያም ጣቱን ወደ እህቱ ልጅ ቀሰረ።

"ጌታው፣ እሷን ስማ ማለትዎ ነው?"

አዎ በሚል ራሱን ነቀነቀ። መኪናውም ተነሣ።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ካርቶኖቹ ግቢው ውስጥ ሲከፈቱ የጫጩቶቹ ጩኸት ጆሮ ያደነቁር ነበር። ደስታዬን መደበቅ አቃተኝ። ሽማግሌው ጎንበስ ብሎ አያቸውና "እነዚህ እንኳ በድምፅ ከእኔ ይሻላሉ" አለ።

በማግሥቱ ሾፌሮቹን ሰብስቦ መንገድ ሲዘጋ በየት እንደሚዞሩ በእህቱ ልጅ አፍ አስነገራቸው፤ መገናኛው ላይም የሚወስኑ ሁለት ሰዎች ሾመ። አሁን ድልድይ ቢዘጋ፣ ሰው ቢታመም፣ ጭነት አይቆምም፤ ደንበኛም እንደ እኔ ጭነቱን ፍለጋ አይንከራተትም። ለእሱ የደረሰውን ጥቅም የነገረችኝ ግን ሚስቱ ናት። ዕድሜ ልኩን ስልክ ጆሮው ላይ ለጥፎ ምሳ የሚበላው ሰው፣ አሁን ከእሷ ጋር እየተጫወተ ይበላል። "ድምፁ የተመለሰለት ዕለት" አለችኝ፣ "መጀመሪያ የሰማሁት እኔ ነኝ።"