በድስትና በድንኳን ላይ ሙሉ ሥልጣን

ነሐሴ፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት፤ የእድሩ አባል ይርዳው ትናንት አርፏል፤ የእድሩ ጡሩምባ ነፊ ቦጋለ፣ ዝናብ እየመታው፣ ከእድሩ ዳኛ ከአቶ ሸዋንግዛው በረንዳ ሥር ቆሟል።

ሸዋንግዛው፦ አልሰጥም ብያለሁ! አማርኛ አይገባህም?

ቦጋለ፦ ይገባኛል፤ ጆሮዬን ማመን ነው ያቃተኝ። ጋሼ፣ የእቃ ቤቱን ቁልፍ ይስጡኝ። የድንኳኑ ቦታ ባዶ ነው፤ የይርዳው ሚስት እትዬ የሺመቤት ሐዘን ተቀምጣ፣ ለቀስተኛው ደጇ ላይ በዝናብ እየበሰበሰ ነው።

ሸዋንግዛው፦ ይበስብስ። ዝናቡን እኔ አላዘነብኩትም።

ቦጋለ፦ እሱስ ቀርቶብዎት ነው። በሚቀጥለው ጉባኤ መተዳደሪያ ደንቡ ላይ ያስገቡት።

ሸዋንግዛው፦ አፍህን ሰብስብ! ከማን ጋር እንደምታወራ እወቅ!

ቦጋለ፦ ከእድራችን ዳኛ ጋር ነዋ። የአርባ ድስት፣ የሁለት ድንኳንና የአንድ ቃሬዛ የበላይ ጠባቂ።

ሸዋንግዛው፦ ታላግጣለህ አይደል? አንተም የዚያ የይርዳው ደቀ መዝሙር ነህ። እንግዲያውስ ስማኝ፤ ወንድሙ ድንጋይ ተሸክሞ እዚህ ደጅ ይምጣ። ጎንበስ ብሎ "ወንድሜ በድሎዎታል፣ ይማሩን" ይበል። ያኔ ድንኳኑም ይወጣል፣ ቃሬዛውም ይወጣል።

ቦጋለ፦ ድንጋይ የሚሸከም ነፍስ ያጠፋ ሰው ነው። ይርዳው ማንን ገደለ?

ሸዋንግዛው፦ ክብሬን! በጠቅላላ ጉባኤ፣ በሰው ፊት!

ቦጋለ፦ እህ! ያቺን ነው? እርስዎ "ዳኛው ሙሉ ሥልጣን አለው የሚል አንቀጽ ይግባልኝ" ሲሉ፣ ብድግ ብሎ "በምን ላይ? በድስትና በድንኳን ላይ?" ያለውን?

ሸዋንግዛው፦ ሰው ሁሉ ሳቀ!

ቦጋለ፦ እኔማ እንባ እስኪወጣኝ ነው የሳቅሁት። ታዲያ ይሄው ሁለት ዓመት አለፈ፤ ሰውየው በቁሙ እያለ መክሰስ ሲችሉ ሬሳው ላይ ቂም ይወጣሉ? የወንድ ያለህ!

ሸዋንግዛው፦ በቁሙማ መቼ ይያዛል? ምላሱ! አሁን ግን ይመልስልኛ! ሥልጣን በምን ላይ እንደሆነ አሁን አየው።

ቦጋለ፦ እሱ ምንም አላየም ጋሼ፣ ሞቷል። ያየችው ሚስቱ ናት።

ሸዋንግዛው፦ ኃይል ማለት ምን እንደሆነ ልንገርህ? ስጥ ሲሉህ አልሰጥም ማለት መቻል ነው። ሌላው ወሬ ነው።

ቦጋለ፦ ይሄንንማ የሰፈሩ አህያም ትችላለች። ሂጂ ሲሏት አልሄድም ትላለች። ማን ሾማት?

ሸዋንግዛው፦ አንተ! አርባ ዓመት የመንግሥት መጋዘን ኃላፊ የነበርኩ ሰው ነኝ! ሚኒስትር እንኳ ያለ እኔ ፊርማ አንዲት ሚስማር አያወጣም ነበር!

ቦጋለ፦ አውቃለሁ፤ በሠርግም በክርስትናም ሲያወሩት ሰምቻለሁ። ጡረታ ሲወጡ መጋዘኑን አስረክበው መቆለፉን ይዘውት መጡ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም አሉ።

ሸዋንግዛው፦ ንጉሥ አይከሰስ፣ ሰማይ አይታረስ! እዚህ እድር ውስጥ የምወስነው እኔ ነኝ። ዛሬ ጠዋት ጡሩምባ አትነፋም አልኩህ። ነፋህ?

ቦጋለ፦ አልነፋሁም።

ሸዋንግዛው፦ አየህ! ይሄ ነው ኃይል!

ቦጋለ፦ ጡሩምባውን ብብቴ ሥር ሸጉጬ፣ አፌን ዘግቼ ሰፈሩን ዞርኩ እንጂ። ሃያ ሁለት ዓመት ስነፋ መስኮት የማይከፍተው ሁሉ፣ ዝም ብዬ ሳልፍ ወጣ። "ቦጋለ ምነው? ማን ሞተ? ለምን አትነፋም?" አለኝ። እኔም ተጠየቅሁ፣ መለስኩ። ጡሩምባው የእድሩ ነው ጋሼ፤ ትንፋሹ ግን የራሴ ነው።

ሸዋንግዛው፦ ማን ማን ወጣ?

ቦጋለ፦ ማን ያልወጣ አለ ብለው ይጠይቁኝ፤ እሱ ይቀላል። ይልቅ ቁልፉን ይስጡኝ ጋሼ። ሁለተኛ ጠየቅሁ።

ሸዋንግዛው፦ ድንጋዩ ይቅደም!

ቦጋለ፦ ልብዎ ውስጥ ካለው የሚበልጥ ድንጋይ ከየት ይመጣል?

ሸዋንግዛው፦ ቢወጡስ ምን ያመጣሉ? ቃሬዛው እኔ ጋ ተቆልፏል። ድንኳኑ ተቆልፏል። በምን ይቀብሩታል? እኔ ሳልፈቅድ በደንቡ መሠረት ቀብር የለም። ደንቡን የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ በቃሌ ነው የማውቀው!

ቦጋለ፦ በቃልዎ ካወቁት አንድ ነገር ይንገሩኝ። የአባል ቀብር ላይ ስሙ ተጠርቶ ያልተገኘ ተመራጭ ምን ይሆናል?

ሸዋንግዛው፦ በዚያው ቀን ከኃላፊነቱ ይነሳል! አንቀጽ አሥራ አንድ። የቀድሞውን ዳኛ በምን ያነሳሁት መሰለህ?

ቦጋለ፦ ሽማግሌው አልጋ ላይ ነበሩ እኮ፤ ታመው።

ሸዋንግዛው፦ ሕግ በሽታ አያውቅም። ቀረ፣ ተነሳ። በቃ!

ቦጋለ፦ ጥሩ። ጋሼ፣ እንደ ታናሽ ወንድም ልለምንዎት። እልሁን ይተዉት። ቁልፉን አሁን በእጅዎ ይስጡኝ፤ ያለ ድንጋይ፣ ያለ ጉልበት መሳም። ሦስተኛዬ ነው።

ሸዋንግዛው፦ ሦስት መቶ ጊዜ ብትለኝ አልሰጥም! አሁን ከደጄ ጥፋ!

ቦጋለ፦ እግዜር ምስክሬ ነው፣ ለምኛለሁ። እንግዲያው ቁጭ ይበሉ። ይርዳው ተቀብሯል።

ሸዋንግዛው፦ ምን?

ቦጋለ፦ በስምንት ሰዓት። ቃሬዛ ከቤተ ክርስቲያን ተዋስን፤ በእርስዎ ደጅ ላለማለፍ በታችኛው መንገድ በወንዙ በኩል አወጣነው። እስከ ጉልበቴ ያለውን ጭቃ እያዩ ከየት የመጣሁ መሰለዎት?

ሸዋንግዛው፦ ሐሰት ነው! ስንት ሰው ይኖራል? አሥር? አሥራ አምስት?

ቦጋለ፦ መቶ ስድሳ ሰባት። ጸሐፊያችን መዝገቡን አውጥቶ ስም ጠራ። "አቶ ሸዋንግዛው!" ዝም። "አቶ ሸዋንግዛው!" ዝም። ሦስተኛ ሲጠራ አንድ ሕፃን "ቤታቸው ናቸው" አለና እናቱ አፉን ያዘችው።

ሸዋንግዛው፦ እኔ እኮ... ማን ነገረኝ? ጡሩምባ አልተነፋም!

ቦጋለ፦ ማን ከለከለ?

ሸዋንግዛው፦ ታዲያ ቁልፍ ስጠኝ እያልክ እስካሁን ምን ታደርቀኛለህ? ተሽረሃል አትልም?

ቦጋለ፦ ሽማግሌዎቹ ናቸው ያሉኝ። "ሦስት ጊዜ ጠይቀው። አንዴ እንኳ እሺ ብሎ በገዛ እጁ ከሰጠ፣ መዝገቡ ላይ 'ታሞ ቀረ' ብለን እንጽፍለታለን፤ ሰው ነው፣ ይሳሳታል" አሉ። እኔ "አይሰጥም" ብዬ ነበር። ተሟገቱልዎት።

ሸዋንግዛው፦ እንካ! ውሰደው! ይኸው ቁልፉ፤ ይኸው ማህተሙም! ቦጋለ... ወንድሜ... ሰጥቷል በላቸው።

ቦጋለ፦ መቼ ሰጠ ሲሉኝስ?

ሸዋንግዛው፦ ...እኔስ? ልምጣ? ወይስ ፊት ይነሱኛል?

ቦጋለ፦ ለቅሶ ማንን ይመልሳል? ይምጡ እንጂ። ጃንጥላ ግን አይያዙ፤ ሁለቱም እጅዎ ይፈለጋል። የድንኳኑን ምሰሶ የሚይዝ ሰው አንሶናል።