ያልተነቀሉት ጥዶች

የተከበሩ ቄስ፣ የኖርቢን ሰዎች፣ ከባሕር ማዶ የመጣችሁ ቤተሰቦች፤ በዚህ ብርድ ከእኛ ጋር ስለቆማችሁ እግዚአብሔር ያክብራችሁ። ቫሌሪ፣ ጉኒላ አጠገብሽ ሆና የምለውን ትተረጉምልሻለች። ጉኒላ፣ አደራሽን፣ አንዲትም ቃል እንዳታስቀሪ።

እኔ ሂልዲንግ ነኝ። ዛሬ የምንቀብረው የዌንደል ቅድመ አያትና የእኔ ቅድመ አያት ወንድማማቾች ነበሩ። አንዱ አሜሪካ ሄደ፤ አንዱ እዚሁ ሐይቁ ዳር ቀረ።

ዌንደል በየካቲት ሲመጣ የዘር ሐረጉን በረጅም ወረቀት ጠቅልሎ ይዞ ነበር። አክስቴ ሲግኔ ዘንድ ወሰድኩት። እሳቸው ወረቀቱን ዞር ብለውም አላዩት። ጆሮውን ያዙና፣ «ይሄማ የኛ ጆሮ ነው! ሌላ ማን እንዲህ ያለ ሰፌድ ይሸከማል?» አሉ። ሳቅን። ሰባት ዓይነት ብስኩት ቀረበለት፤ አንዱንም አላለፈ። ከዚያ ሲግኔ ሳቃቸውን አቆሙ። «ይሄ ሐይቅ ከቤታችን ሁለት ሰው ወስዷል። ሂልዲንግን ሳትጠይቅ በረዶው ላይ እንዳትወጣ፣ ልጄ።» «እሺ እማማ» አለ፣ አያቱ ባስተማረችው ባረጀ ስዊድንኛ። ሰምቷል። ሰምቷል እላችኋለሁ።

ጋዜጣው ምን አለ? «የሐይቁን ጠባይ የማያውቅ እንግዳ» አለ። እናንተስ ሱቁ በር ላይ ምን አላችሁ? «አሜሪካዊ ስለ በረዶ ምን ያውቃል!» እኔስ? እኔም በአዎንታ ራሴን ነቀነቅሁ። ዛሬ አፍሬያለሁ።

ያውቅ ነበር! ያስተማርኩት እኔ ነኝ። በዚያው ወር ውፍረቱን ለመለካት በረዶውን አብረን በሳን። ከዚህ ዳር እስከ ማዶው ኦስነስ፣ እስከ ቅድመ አያቶቻችን ቤት ፍርስራሽ ድረስ፣ በረዶው ላይ ትናንሽ ጥድ እየተከልን መሻገሪያውን ምልክት አደረግንበት። «እና መቼ ነው የማይሄድበት?» አለኝ። «ጥዱ ከቆመ ሂድ። ከተነቀለ ሐይቁ ተዘግቷል። የሚነቅለው የተከለው ሰው ነው» አልኩት። ከአባቴ የተረከብኩት ሥራ ነው፤ አርባ ዓመት ሠርቼዋለሁ። እስቲ ንገሩኝ፣ ጥዱ ቆሞ እያየ የማይሻገር ከመካከላችሁ ማነው? ልጆቻችሁን ትልኩበት የለም ወይ?

ሚያዝያ ገባ። በረዶው ሳስቶ ጠቆረ። ከሥሩ ያቃስት ጀመር፤ እኔም ከአልጋዬ ሆኜ እሰማው ነበር። ቅዳሜ ሲግኔ ደወሉ።

«ጥዱን ነቀልክ?»

«ጉልበቴን አሞኛል። ነገ።»

«ነገን ማን አየው?»

እሑድ ጠዋት ዌንደል ፔርሙዙን ይዞ ወጣ። የቤቱን ፍርስራሽ ሊያይ ነበር። እኔን ሳይጠይቅ ሄደ ትላላችሁ? ጠይቋል። ጥዶቹን አየ፤ ጥዶቹ የእኔ ቃል ነበሩ። አሥራ ሁለተኛው ጥድ ጋ፣ በረዶው በተሰበረበት፣ አገኘነው።

ጉኒላ፣ ምነው ዝም አልሽ? ተርጉሚላት እንጂ።

ቫሌሪ፣ አባትሽ ሞኝ አልነበረም። ግትርም አልነበረም። ዘመዱን አመነ። ያመነው ዘመድ እኔ ነኝ።

አሁን እንደ ልማዳችን አንድ በአንድ ወደ ጉድጓዱ ቀርባችሁ እጅ ትነሳላችሁ። እኔ አልቀርብም። ልጁ ቫሌሪ ካልጠራችኝ በቀር እዚያ አጥሩ ሥር እቆማለሁ።

ዌንደል፣ ወንድሜ፣ ደህና ሁን። ዘመድ ፍለጋ ስንት አገር አቋርጠህ መጣህ። አገኘኸን። ምነው ባላገኘኸን።